የወለተኪዳን ዜሮ

ፈተና ሳርም አንድ ልማድ አለኝ። የደካሞቹን ወረቀት አስቀድማለሁ፤ የጎበዞቹን ለመጨረሻ አቆያለሁ። ቀኑን ሙሉ ዝቅተኛ ውጤት ሲጽፍ የዋለ እጄ ሥራውን ደስ ብሎት እንዲጨርስ ስለምፈልግ ነው። በዚያ ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ለመጨረሻ ያቆየሁት የወለተኪዳን መርስዔ ኃዘንን ወረቀት ነበር።

መልከ ጼዴቅ እባላለሁ። የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ። መንዝና ግሼ በሚዋሰኑበት ደጋ፣ ነፋስ የሚከልል ዛፍ በሌለበት ኮረብታ ላይ በተሠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ያን ጊዜ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። የወለተኪዳንን ስም የጠራሁት ግን እሷው ራሷ «ይጥሩት ቲቸር፣ ምን ችግር አለው» ስላለችኝ ነው።

ወለተኪዳን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ከዘጠነኛ ጀምሮ አንደኝነቷን ለማንም አስነክታ አታውቅም። ቤተሰቦቿ ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው ይኖራሉ፤ ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ከክፍል ጓደኛዋ ከጽዮን ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ እሑድ እሑድ ስንቋን ይዛ እየመጣች ነበር የምትማረው። አባቷ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን የደብራቸው የቅኔ መምህር ናቸው። በዚያ አገር ሁለት ሰው ቢጣላ እሳቸው የተናገሩት ነገር ዳኛ ከፈረደው እኩል ይከበራል።

ፈተናው አርባ የምርጫ ጥያቄ ነበረው። ዐሥራ ሰባተኛዋ ቀላል ናት፤ በሦስት የሚጀምርና በየደረጃው እጥፍ የሚሆን የቁጥር ተርታ ሰጥቼ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቁጥሮች ድምር ነው የጠየቅሁት። ሦስት፣ ስድስት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሃያ አራት፣ አርባ ስምንት። ድምሩ ዘጠና ሦስት ይሆናል። እኔ ግን የመልሱን ወረቀት ሳዘጋጅ፣ በብርድ ይሁን በችኮላ፣ የአራቱን ብቻ ደምሬ አርባ አምስት ብዬ ጻፍኩ።

ማረም ስጀምር መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ደስታ ነበር። በሒሳብ ከአርባ ዐሥር አግኝቶ የማያውቅ ልጅ ሠላሳ ሰባት አገኘ። ቀጣዩም ሠላሳ ስድስት። አስተማሪነቴ ፍሬ አፈራ ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በመምህራን ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ተንጎራደድኩ። ከዚያ የበዕውቀቱ ወረቀት ላይ ደረስኩ። በዕውቀቱ ሦስተኛ ወይም አራተኛ የሚወጣ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ልጅ ነው። ዐሥራ ሰባተኛው ላይ ዘጠና ሦስትን መርጧል። በያዝኩት መልስ መሠረት ኤክስ አደረግሁበትና ወዲያው እጄ ቆመ። ቁጥሮቹን በጣቴ ደመርኩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ስሕተቴን አርሜ ያረምኳቸውን ወረቀቶች እንደገና አገላበጥኩ፤ የቀሩትንም ከአንዱ በቀር ጨረስኩ። አርባ አምስትን የመረጡት ጥቂት አልነበሩም። ከስድሳ አራት ተማሪ ሃያ ስድስቱ፣ ሌላውን ጥያቄ ከሞላ ጎደል ሁሉን አግኝተው፣ እዚህች ላይ ብቻ ልክ እኔ እንደ ተሳሳትኩት ተሳስተዋል። አንድ ሰው ከራሱ ሊሳሳት ይችላል። ሃያ ስድስት ሰው ግን ሌላውን ሁሉ እያገኘ እኔ በተሳሳትኩባት በአንዷ ብቻ አይሳሳትም። መልሱ ከእጄ ወጥቷል።

የወጣበትን መንገድ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። የትምህርት ቤቱ ማባዣ ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር ፈተናውን በፍላሽ ይዤ ከተማው ውስጥ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄው ነበር። የመልሱን ወረቀት እዚያው ፍላሽ ላይ ትቼዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የተገለበጠ ነገር ስልክ ላይ እስኪደርስ፣ ከስልክ ወደ ስልክ በቴሌግራም እስኪሄድ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

እንዲህ ሆኜ ነው ለመጨረሻ ያቆየሁትን ወረቀት ያነሣሁት። እሷ እንኳ ትትረፍልኝ ብዬ ተመኘሁ። ከአርባው ሠላሳ ዘጠኙን አግኝታለች። የሳተችው ዐሥራ ሰባተኛዋን ነው፤ አርባ አምስት ብላ። ሃያ ሰባተኛዋ እሷ ሆነች።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ተማሪዎቼ የሠሩበትን ስሌት በጀርባው እንዲተውት እጠይቃለሁ። የወለተኪዳን ስሌት በጥሩ እጅ ጽሕፈት፣ ደረጃ በደረጃ ተቀምጧል። የዐሥራ ሰባተኛው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ዘጠና ሦስት የሚል ቁጥር አለ፤ ከሥሩም ሁለት መስመር ተሰምሮበታል። ከዚያ በላዩ ላይ ተሰርዟል። ሠርታ፣ አግኝታ፣ እርግጠኛ ሆና አሰመረችበት፤ ቀጥሎ የተሰረቀው ወረቀት ሌላ ስለሚል የራሷን ሰረዘችው። ከሃያ ሰባቱ ሁሉ ያመመኝ ይኸኛው ነው። ሌሎቹ የማያውቁትን ነው የገለበጡት። እሷ የምታውቀውን ጣለች።

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ገብቼ የሆነውን ነገርኳቸው። «መልሱን ከፈተናው በፊት ያየ ሰው እስከ ነገ ድረስ መጥቶ ይንገረኝ» አልኩ። ማንም አልመጣም። ወለተኪዳን ቀና ብላ አላየችኝም። ርእሰ መምህሩን አቶ ዮሴፍን ቢሯቸው ገብቼ አማከርኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ጡረታቸው ቀርቧል፣ ነገር አይወዱም።

«ሃያ ሰባት ልጅ ዜሮ ልትሰጥ?» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው።

«የሰረቁትን ውጤት መዝገብ ላይ ላስፍር?»

«መልኬ፣ ወላጅ ይነሣብናል። ወረዳውም ሪፖርት አድርጉ ይላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ አንተ ትጠየቃለህ፤ መልሱን ሜዳ ላይ የጣልከው አንተ ነህ።»

«አውቃለሁ። እጠየቃለሁ።»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና «እንግዲያው ወላጅ ይጠራ» አሉ።

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ከሰንደቅ ዓላማው ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ወላጆች ተሰበሰቡ። ከሩቅ የመጡት በበቅሎ ነው። በርኖስና ጋቢ የደረቡ አባቶች ከፊት፣ እናቶች በጎን፣ ተማሪዎቹ ከኋላ ቆመዋል። እኔ የሆነውን ተናገርኩ። ንግግሬን ሳልጨርስ ጉርምርምታው ተነሣ።

«ልጆቻችንን በአንድ ጥያቄ ሌባ ልትል ነው?»

«አጥንተው ቢያገኙ ምቀኝነት ነው እንጂ!»

«የተሳሳተው አስተማሪው፣ ዜሮ የሚያገኘው ልጄ! ይኼ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

የመጨረሻው ሰው ያለው ውስጥ እውነት ነበረበት። ያን ጊዜ ዓይን ሁሉ ወደ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ዞረ። ረዥም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ጥምጥማቸው በረዶ ይመስላል። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «የእርስዎን ትምህርት አላውቅም፤ የእኛን ቤት ግን ልንገርዎ። እኛ ቅኔ ዘረፈ እንላለን። የሚዘርፈው ግን ከገዛ ልቡ ነው። የባልንጀራውን ቅኔ የእኔ ነው ብሎ የተቀኘ ተማሪ የታወቀበት ዕለት የስንቅ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ አገር ይለውጣል፤ ማንም አብሮት ትምህርት አይቀጽልም። ወለተኪዳን ይህን እየሰማች ነው ያደገችው። ስለ ሌላው ሰው ልጅ አልናገርም። ስለ ልጄ ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በማገለግለው ታቦት ስም...»

«አባዬ፣ አይማሉ!»

ድምፁ የመጣው ከኋላ ነው። ተማሪዎቹ ሳይታዘዙ ለሁለት ተከፈሉ። ወለተኪዳን መሐል ሜዳው ድረስ መጣች። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። አባቷን እንጂ ሌላ ሰው አታይም።

«አይማሉብኝ፣ አባዬ። እኔም አለሁበት።»

«ምን አልሽ?» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

«መልሱን ከፈተናው በፊት ስልክ ላይ አይቻለሁ። እማዬን ሳስታምም የቀረሁባቸውን ሦስት ሳምንታት ማካካስ አቃተኝ። አንደኝነቴ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ፈራሁ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን ደብረ ብርሃን ወስደው ለአገር አቀፉ ፈተና ያስጠናሉ ስለተባለ... እሱንም ፈለግሁ። ዐሥራ ሰባተኛውን ራሴ ሠርቼ በትክክል አግኝቼው ነበር። ወረቀቱን አምኜ የራሴን ሰረዝኩት። ቲቸር ያሉት ሁሉ እውነት ነው።»

ከበቅሎዎቹ አንዷ አንገቷን ስታራግፍ የልጓሟ ድምፅ ሜዳውን ሞላው። መሪጌታ ፊታቸው አመድ መሰለ። ቁጣ ሲመጣ ይታየኝ ነበርና ሊመቷት ይሆን ብዬ ሁለት እርምጃ ቀረብኩ። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ጉባኤ፣ ያልኩትን አንሥቻለሁ። ይቅር በሉኝ። ልጄ ዛሬ ሁለት ነገር አደረገች። በሰው ፊት አዋረደችኝ፤ ከሐሰት መሐላም አዳነችኝ። የትኛው እንደሚበልጥ ቤቴ ሄጄ አስብበታለሁ።»

ወደ እኔም መጥተው ዝቅ ብለው እጅ ነሡኝ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። እኔም ዝቅ አልኩ፤ ጥምጥማቸውን በግንባሬ ልነካው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ወይዘሮ ይመኙሻል የሚባሉ፣ የጋራ የሣር መሬት በሆነው በጓሳ በኩል ካሉት መንደሮች የመጡ እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ። «እኛ ጓሳውን ለዓመታት ዘግተን እንጠብቃለን። ሣሩ ሲደርስ ነው ሁሉም እኩል ገብቶ የሚያጭደው። ቀድሞ ሰርቆ ያጨደ ሰው ቤቱን ይከድን ይሆናል፤ ሰው ግን ያንን ቤት በጣቱ እያሳየ ነው የሚያልፈው። የእኔም ልጅ እዚያ ቆሟል። ያየህ እንደሆነ ዛሬውኑ ተናገር፤ በጣት የሚታይ ቤት አልፈልግም።»

ልጃቸው መጣ። ቀጥሎ ሌላ። በዚያ ረፋድ ከሃያ ሰባቱ ዐሥራ አንዱ ወጥተው አመኑ። ሌሎቹ እስከ ዛሬ አላመኑም፤ ከእነሱም አንዷ ጽዮን ነበረች። መልሱን ለወለተኪዳን ያሳየቻት እሷ እንደሆነች በኋላ ሰማሁ፤ ወለተኪዳን ግን ስሟን አልጠራችም። እኔም ተራዬ ደረሰና የፍላሹን ነገር ሳልሸፋፍን ተናገርኩ። ያ «ይኼ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» ያሉኝ አባት እያዩኝ፣ ጥፋተኛ ቢቆጠር የመጀመሪያው እኔ መሆኔን አልካድኩም። ወረዳው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። አሁንም ማኅደሬ ውስጥ አለ።

ስብሰባው ሲበተን አባትና ልጅ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከኮረብታው ላይ ሆኜ አየኋቸው። እሳቸው ከፊት፣ እሷ ዐሥር እርምጃ ያህል ከኋላ። ቃል የተለዋወጡ አይመስለኝም። ገብስ ማሳው ጫፍ ሲደርሱ ጉሙ መጣና ሸፈናቸው።

ሃያ ሰባቱም ዜሮ ተሰጣቸው። ወለተኪዳን ከአንደኛ ወደ ሃያ ዘጠነኛ ወረደች። በእሷ ቦታ ደብረ ብርሃን የሄደው በዕውቀቱ ነው፤ ሊሄድ ሲል ቢሮዬ መጥቶ «የእሷ ቦታ ነበር፣ ቲቸር» አለኝ። «አይደለም፣ ያንተ ነው። ዘጠና ሦስትን ያልሰረዝከው አንተ ነህ» አልኩት። ጽዮን ከወለተኪዳን ጋር የተከራየችውን ክፍል ለቀቀች። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ለወለተኪዳን «አጋላጭ» የሚል ስም አወጡላት፤ ስታልፍ ሆን ብለው ይስሉባት ነበር። አንድ ቀን ዕረፍት ላይ ብቻዋን ግንቡ ጥግ ፀሐይ እየሞቀች መጽሐፍ ስታገላብጥ አግኝቻት «ከበደሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ይከብዳል» አለች። «ግን ቲቸር፣ ያ ፈተና ካለፈ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። አሁን እተኛለሁ።»

በሁለተኛው ቅዳሜ መሪጌታ ልጃቸውን አስከትለው ትምህርት ቤት መጡ። እኔ ለተጨማሪ ትምህርት ገብቼ ነበር።

«መምህር፣ አስብበታለሁ ያልኩትን አሰብኩበት» አሉኝ። «ከማዋረዱ ማዳኑ ይበልጣል። ይኸን ለእሷም ነግሬያታለሁ። አሁን የቀረ ነገር አለ። ልጄ በእውነት ምን ያህል እንደምታውቅ እኔ አላውቅም፤ እሷም አታውቅም። አዲስ ፈተና ያውጡና ይፈትኑልኝ።»

«ውጤቱ እኮ አይያዝላትም፣ መሪጌታ። ዜሮው አይነሣም።»

«ማን ይነሣ አለ? ለመዝገብ አይደለም፣ ለእኛ ነው።»

እዚያው ቁጭ ብዬ አርባ ጥያቄ በእጄ ጻፍኩ። እሷ ባዶ ክፍል ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። መሪጌታ ገብተው እንዲቀመጡ ብለምናቸው እምቢ አሉ፤ «ካየኋት ትሸበራለች» ብለው በር ላይ፣ በዚያ ነፋስ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዳዊት ይደግሙ ይሆናል። እሷ ስትጨርስ እዚያው ፊቷ አረምኩት።

ሃያ ዘጠኝ አገኘች። የሳተቻቸው ዐሥራ አንዱ ከሞላ ጎደል ሁሉም እናቷን ስታስታምም ካመለጧት ምዕራፎች ነበሩ።

ወረቀቱን ይዛ ወጣች። «ስንት?» አሏት አባቷ።

«ከአርባ ሃያ ዘጠኝ።»

«የማን ነው?»

«የራሴ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን፣ አባዬ።»

ወረቀቱን ተቀበሏት። ቁጥሮቹንና ምልክቶቹን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ፤ ምንም እንዳልገባቸው ያስታውቃል፤ ግን አንድም መስመር ሳይዘሉ ጨረሱት። አጥፈው ዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ከተቱና «በይ፣ ከዚህ ጀምሪ» አሏት። የዚያን ቀን ጎን ለጎን ሆነው ነበር የወረዱት።

እሷም ጀመረች። ከየካቲት እስከ ግንቦት እንደዚያ የተጋ ተማሪ አላየሁም። ያመለጧትን ምዕራፎች አንድ በአንድ አንሥታ ጨረሰች፤ ያልገባትን ነገር ለመጠየቅ ማፈር ተወች። ቀድሞ አንደኛ ስለሆነች አላውቅም ማለት የሚያሳፍራት ልጅ ነበረች። አሁን ክፍል መሐል እጇን አውጥታ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ትለኛለች። ሌሎቹም እሷን እያዩ መጠየቅ ጀመሩ። መጋቢት ላይ አንድ ከሰዓት፣ ጽዮን ደብተሯን ይዛ መጥታ አጠገቧ ስትቀመጥ አየሁ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ወለተኪዳን ግን ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የተማሪዎቹን ትራንስክሪፕት ስናዘጋጅ አቶ ዮሴፍ እኔንና እሷን ቢሯቸው አስጠሩን። የመጀመሪያው መንፈቅ የሒሳብ ውጤቷ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ከአርባው የክፍል ሥራ ያገኘችው። ከስድሳ ለሚታሰበው ፈተና ዜሮ ተይዞባታል።

«ልጄ፣» አሏት አቶ ዮሴፍ በርኅራኄ፣ «ተቀጥተሻል፣ ተምረሽበታል። ይህ ቁጥር ዕድሜ ልክሽን ሊከተልሽ አይገባም። ሦስቷን ስምንት ማድረግ የአንድ ብዕር ሥራ ናት። መምህርሽም አይቃወም መሰለኝ።»

አልዋሽም፤ ልጅቷን እወዳታለሁ። እምቢ ለማለት የሚያስፈልገኝን ቃል ገና ስፈልግ እሷ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሠላሳ ስድስቱ የእኔ ነው፤ ሠርቼ ያገኘሁት ነው። ሰማንያ ስድስቱ ግን የማን ይሆናል? እንዳለ ይሁንልኝ።»

አቶ ዮሴፍ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ማኅተሙን አንሥተው ሠላሳ ስድስት የሚለው ወረቀት ላይ አጥብቀው መቱት። ከቢሮው ስንወጣ «መልኬ፣» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሠላሳ አምስት ዓመት አስተማርኩ። ዛሬ ተማርኩ።»

ለአገር አቀፉ ፈተና ልጆቹ በአውቶቡስ ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። እዚያ ስልክ አይገባም፤ የሚያስተምራቸው ሰው አይፈትናቸውም፤ ከጎን የሚቀመጠውም የሌላ አገር ልጅ ነው። ሰው ይዞት የሚገባው ጭንቅላቱን ብቻ ነው።

ውጤቱ የተለቀቀ ዕለት ኔትወርክ ፍለጋ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ጉብታ ወጥቼ፣ የተማሪዎቼን ቁጥር አንድ በአንድ እያስገባሁ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ከትምህርት ቤታችን ከመቶ ዐሥራ ስምንት ተፈታኞች ያለፉት ዘጠኝ ናቸው። በዕውቀቱ ከሁሉም በልጧል። ከእነዚያ ሃያ ሰባት ልጆች ውስጥ ያለፉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የወይዘሮ ይመኙሻል ልጅ። ጽዮን ለጥቂት ሳተች፤ የማካካሻ ትምህርት ደርሷታል። ካለፉት ሁለተኛዋ ወለተኪዳን ነበረች፤ በሒሳብ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ የላቀ ውጤት አምጥታለች።

የእነ ወለተኪዳን መንደር ኔትወርክ የለውም። ስለዚህ ራሴ ልነግራቸው ተነሣሁ። መስከረም ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ግራና ቀኙ የባቄላ አበባ ነው። ሁለት ሰዓት ተጉዤ ደብሩ ቅጥር ስደርስ መሪጌታ ከጽድ ሥር ተቀምጠው ያስተምራሉ። ሃያ የሚሆኑ የቅኔ ተማሪዎች ከበዋቸዋል። አንዱ ተማሪ ቅኔውን እያቀረበ ስለነበር ላቋርጣቸው አልፈለግሁም፤ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ወለተኪዳን ከእናቷ ጋር ከወንዝ ውሃ ይዛ ስትመጣ አየችኝና እንስራዋን እንዳዘለች ደርቃ ቀረች። ፊቴን አነበበችው መሰለኝ፤ እናቷን በክርኗ ነካ አደረገቻቸው።

መሪጌታ ተማሪውን አስጨርሰው፣ አንድ ቦታ ላይ አርመውት፣ ቀና ሲሉ አዩኝ። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቁኝም። መቋሚያቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

«ልጆች፣» አሉ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞረው፣ ድምፃቸው ቅጥሩን እየሞላው፣ «እኚህ ሰው መምህር መልከ ጼዴቅ ይባላሉ። ለልጄ ለወለተኪዳን ዜሮ የሰጧት እሳቸው ናቸው። ተነሡላቸው!»

ሃያውም በአንድ ላይ ተነሡ። እኔ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ፤ ከደረቴ ላይ አኖርኩት። ወለተኪዳን እንስራዋን አውርዳ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። የመጣሁበትን ነገር የተናገርኩት ሁሉም እንደገና ከተቀመጡ፣ እኔም በመሪጌታ ቀኝ በኩል አጎዛ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።